ግድቡ ውስጥ ያለው የአላምረው ፊት

ኪዳን ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ደሳለኝ የሐውልቱን ትከሻ በዲጂኖ ሲወጋ አገኘው። ሲሚንቶው ተፈርክሶ ሽቦው ወጥቷል። ሐውልቶቹ ሥር ተጠልለው የነበሩት ዓሦች ተበታትነዋል።

ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ ሐውልቶቹን ያሰመጡት ኪዳንና የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። መምህራቸው ባሕር ወለል ላይ የተሠራ ሙዚየም በቪዲዮ ካሳዩአቸው በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ለዓሣው መጠለያ፣ ለጠላቂው መዝናኛ። ዛሬ ከወልድያ የመጥለቂያ መነጽር ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ነበሩ።

ኪዳን ደሳለኝን ከኋላ አንቆ ወደ ዳር ጎተተው። ደሳለኝ በክርኑ አፍንጫውን አደማው። ተያይዘው ጭቃው ላይ ወደቁ።

«አብደሃል እንዴ? ስንት ወር የለፋሁበትን!»

«ወንድሜን ነው የቀረጽከው!» ደሳለኝ ጮኸ። «አላምረውን!»

እውነት ነበር። ከጦርነቱ ያልተመለሰው አላምረው ኪዳንን በዚሁ ግድብ ዋና ያስተማረው ሰው ነው።

«እንዲታወስ ብዬ እኮ ነው…»

«ማን ፈቀደልህ? ሬሳውን እንኳ አላገኘንም! እናቴ ይመጣል ብላ ዛሬም በር አትቆልፍም። አንተ ውሃ ውስጥ ቀበርከው!» በቡጢ ከንፈሩን መታው። «ወደ መጣችሁበት ሂዱልን!»

የኪዳን አባት ከማይጨው መጥተው ቆቦ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ ኪዳን ገና አልተወለደም ነበር። የመጣበት ሌላ አገር የለውም። ዓይኑ ጨለመ። ደሳለኝን በፀጉሩ ይዞ ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፈቀው፤ በጉልበቱም ጀርባውን ተጫነው። ደሳለኝ ጭቃውን እየቧጠጠ ተንፈራገጠ። ኪዳን አልለቀቀም።

«ኪዱ! ገደልከው!» የክፍል ጓደኛው ሩት ከመንገዱ እየሮጠች ጮኸች።

የደሳለኝ ጣቶች ሲላሉ አየ። ያኔ ደንግጦ ለቀቀው፤ ገልብጦም ወደ ደረቁ ጎተተው። ደሳለኝ ውሃ ተፋ፤ ሳል አጣደፈው፤ ከዚያም ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ።

መንገዱ ላይ ሚኒባስ ቆመ።

«እንግዶቹ መጡ» አለች ሩት። «ምን እንበላቸው?»

«ዛሬ ማንም አይገባም በያቸው።» ኪዳን ወደ ደሳለኝ ዞረ። «እናትህ፣ እትዬ ማሚቴ፣ ቤት አሉ?»

«ምን ልትላት?»

«የሠራሁትን እነግራቸዋለሁ። አውጣው ካሉኝ አወጣዋለሁ።» ደም ዋጠ። «አሁን አንተ ላይ ያደረግኩትንም እነግራቸዋለሁ።»

እጁን ዘረጋለት። ደሳለኝ አልያዘውም። በራሱ ተነስቶ እየተንገዳገደ ቀደመ፤ ኪዳንም ከኋላው ተከተለ።