ከሁሉም ቀላሉ ትራይፖድ

«ከሁሉም ቀላሉን ትራይፖድ አውጪልኝ። ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ይሁን። ቶሎ በይ፣ ጊዜ የለኝም።»

ልጅቷ ድምፁን የሰማችው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ከባንኮኒው ሥር ተንበርክካ የፎቶ ወረቀት ካርቶኖችን ስትደረድር ነው። እጇ ባለበት ቀረ። ያንን ድምፅ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ትሰማዋለች። የፊዚክስ መምህሯ ነው። ተማሪው ሁሉ ከጀርባው «ኮምፓስ» ይለዋል፤ እንደ ክብ መሳያው መሣሪያ እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ሲራመድም ጉልበቱን የሚያጥፍ አይመስልም።

ብድግ ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«አንቺ?» ፊቱ ወዲያው ተኮሳተረ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የአጎቴ ሱቅ ነው። ከትምህርት በኋላ አግዘዋለሁ።»

«እሱስ የት ሄደ?»

«ውስጥ ነው፤ ጉርድ ፎቶ እያነሳ ነው።»

«እንግዲያው እጠብቀዋለሁ» አለና ጀርባውን ሰጣት። ዕቃ የሆነች ይመስል።

ልክ የዛሬ ስድስት ቀን ይኸው ሰው ሃምሳ ሁለት ተማሪ ፊት ሁለት የፈተና ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሞ ነበር። አንዱ የእሷ፣ ሌላው አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ የሁለቱም መልስ ቃል በቃል አንድ ነው። ማን ከማን እንደገለበጠ አልጠየቀም። «ጎበዟ ጓደኛሽ ናት። አንቺ ሌባ ነሽ» አለና በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ዜሮ ጻፈባት። ጓደኛዋ አንገቷን ደፋች። የገለበጠችው ጓደኛዋ ራሷ ነበረች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ የክፍሉ ወንዶች ልጅቷን «ኮፒ ማሽን» እያሉ ሲያሾፉባት ይውላሉ። ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገረችም።

ዓይኗ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ወዳለ ጥቁር ከረጢት ሄደ።

ከረጢቱን ታውቀዋለች። በውስጡ ያለውን የካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድ አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ባለፈው ወር እሳት ጎርሶ መልሶታል። «ሙሽሮቹ ፊት ካሜራዬን ሊፈጠፍጠው ነበር!» ብሎ ሱቁን በጩኸት አናውጦት ሄደ። አንዱን እግር ተዘርግቶ እንዲቆም የሚይዘው መቆለፊያ ተሰንጥቋል። አጎቷ በሙጫ አያያዘውና ወደ ከረጢቱ መለሰው። «ለመጣ ሰው ይሸጣል። አንቺ ብቻ ዝም በይ» አላት። ያኔ አላስደሰታትም። አሁን ግን ጎንበስ ብላ አነሳችውና ቀስ አድርጋ የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ከሁሉም ቀላሉ ይሄ ነው።»

ኮምፓስ ዞር አለ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ከረጢቱን አየ። ጉጉቱ አሸነፈውና ተጠጋ። አውጥቶ በአንድ እጁ መዘነው።

«ኪሎ ይሞላል?»

«አይሞላም። ዘጠኝ መቶ ግራም ነው። እግሮቹ አምስት አምስት ክፍል ሆነው አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገቡ፣ ሲታጠፍ ከክንድ አይረዝምም።»

እግሮቹን እየጎተተ ዘረጋቸውና ወለሉ ላይ አቆመው። ምንም ስላልተጫነበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የኮምፓስ ፊት ትንሽ ፈካ።

«ሦስት ቀን በእግር ነው የምጓዘው» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለትራይፖዱ የሚነግረው ይመስል። «ወንዙን ይዤ እስከ ፏፏቴው። ውሃው በፎቶው ላይ እንደ ሐር እንዲታይ ካሜራው ለጥቂት ሰከንድ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ነፋስ ቢመጣስ?»

«ከመሃሉ ዘንግ ሥር መንጠቆ አለ። ቦርሳዎን ያንጠለጥሉበታል። ያኔ የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ይላል። ማዕከሉ በሦስቱ እግሮች መሃል እስካለ ድረስ ደግሞ አይወድቅም።»

ኮምፓስ መንጠቆውን ሊነካ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ የጻፍኩት ነው።»

ጆሮዎቹ ቀሉ። «ምላስሽ ረዝሟል» አለ። «ሸምድዶ መድገም በቀቀንም ይችላል።»

የውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ተገለጠና አጎቷ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ወጣ። ወለሉ ላይ የቆመውን ትራይፖድ ሲያይ ቅንድቡ ከፍ አለ። ልጅቷን ገልመጥ አደረጋት። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። እሱም ወዲያው የሻጭ ፈገግታውን ለበሰ።

«ዓይን አለዎት ጌታዬ! ለጉዞ ከዚህ የተሻለ አያገኙም። አለት ነው፣ አለት!»

ኮምፓስ ከትከሻው ላይ ያወረደው ካሜራ የድሮ ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ። ትራይፖዱ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ሙጫው ያዘ። ትራይፖዱ ቆመ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ። «ይህ ካሜራ ከባድ ነው። ሌላ የለኝም።»

«እኔን ካላመኑ እሷን ይጠይቋት። የእህቴ ልጅ ናት፤ ዕቃ ስትፈትሽ ማንም አይስተካከላትም። ሽቦ፣ እስኪ ንገሪያቸው።»

ሽቦ የሚላት ቀጭን ስለሆነች ነው። ኮምፓስ ቅጽል ስሟን ሲሰማ በአፍንጫው ሳቀ።

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ! የዚችን ቃል ባልሰማ ይሻለኛል።»

«ለምን? ምን አደረገች?»

«አልነገረችህም? ፈተና ሰርቃ ዜሮ ሰጥቻታለሁ።»

ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። አንድ ቃል ጠበቀች። «እሷ? አታደርገውም» ቢል ይበቃት ነበር። አጎቷ ግን አንዴ ካሜራውን፣ አንዴ ደንበኛውን አየ፤ ከዚያ ሳቀ።

«ልጅ ናት እንግዲህ፤ ቀስ እያለች ትማራለች። እና ልጠቅልልዎት?»

ከሰውዬው ስድብ ይልቅ የአጎቷ ሳቅ ነው ውስጧ የገባው።

ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል። ሰውዬው ሦስት ቀን ይሄዳል፤ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል፤ ሙጫው ይለቃል። ከረጢቱን ስታነሳ ጀምሮ ይህን በዓይነ ኅሊናዋ ስታይ ነበር፤ ጣፋጭም ሆኖላት ነበር። ካሜራው ሲንከባለል፣ የሰውዬው ረጃጅም እግሮች ከኋላው ውሃ ውስጥ ሲራወጡ። አሁን ግን ያንኑ ስታስብ ሌላ ነገር ታያት፤ ሰውዬው ከውሃው ወጥቶ «ሌባ ናት አላልኩም?» ሲል። የሚለውም እውነት ይሆናል።

ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። አንድ እጇን በካሜራው ማሰሪያ ውስጥ አስገባች። በሌላው መዳፏ የትራይፖዱን አናት ይዛ ወደ ታች ተጫነችው።

ቀጭ!

አንደኛው እግር በራሱ ውስጥ ሰመጠ። ትራይፖዱ ተንጋደደና ወደ መስታወቱ ተደፋ። ልጅቷ ካሜራውን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ምን አባሽ ታደርጊያለሽ!» አጎቷ ጮኸ።

«ልቀቂው!» ኮምፓስ ካሜራውን ነጠቃትና አገላብጦ ያየው ጀመር።

«መቆለፊያው የተሰነጠቀ ነው» አለች። «በሙጫ ነው የተያያዘው። አንድ ፎቶ አንሺ መልሶታል። እኔም እያወቅኩ ነው ያወጣሁልዎት።»

«እያወቅሽ?»

«አዎ። ካሜራዎ እንዲሰበር ፈልጌ ነበር።»

አጎቷ የተንጋደደውን ትራይፖድ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው።

«አሁንስ?» አለ ኮምፓስ፣ ዓይኑን ሳይነቅልባት።

«አሁንም አልወድዎትም።»

ትቶ ይወጣል ብላ ስትጠብቅ ኮምፓስ በአገጩ ወደ መደርደሪያው አመለከተ።

«የትኛው ነው የሚይዘው?»

በጣቷ አሳየችው። «ያ እግሩ ባለ አራት ክፍሉ። ግማሽ ኪሎ ያህል ይበልጣል፤ ሲታጠፍም ትንሽ ይረዝማል። ግን እግሮቹ ወፍራም ናቸው፤ መቆለፊያው መዘጋት አለመዘጋቱም በዓይን ይታያል።»

አመሰግናለሁ አላለም። ራሱ አውርዶ ዘረጋው። ትግል እንደሚገጥም ሰው በሁለት እጁ ሦስት ጊዜ ተጫነው። ትራይፖዱ ንቅንቅ አላለም። ሒሳቡን ለአጎቷ ከፈለና ዕቃውን በብብቱ ሥር ሸጎጠ።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ዜሮው ዜሮ ነው» አለ። «እዚህ የሆነው እዚያ አይሠራም።»

«ዜሮ መስጠት ይችላሉ። ግን መጀመሪያ ያንብቡት።»

በሩን እንኳ ሳይዘጋው ወጣ።

አጎቷ ሰውዬው እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ባንኮኒውን በመዳፉ መታው።

«በገዛ ሱቄ! በደንበኛ ፊት! እናትሽ ስትለምነኝ ነው እዚህ ያስገባሁሽ!»

«ጋሼ፣ ሌባ ሲለኝ ሳቅክ እኮ።»

«እና ምን ልሁን? ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲል ልጣላው?»

«አላውቅም። ግን ሳቅክ።»

ከውስጥ አንዲት ሴት «ኧረ ፎቶዬ! መሸብኝ እኮ!» ብላ ተጣራች። አጎቷ ወደ መጋረጃው ሄደና ዞር አለ።

«ያንን ነገር በሙጫ አያይዢና ወደ ቦታው መልሺው። ሌላ ሰው ይመጣል። ስጨርስ እንነጋገራለን።»

መጋረጃው ከኋላው ተዘጋ።

ልጅቷ የተንጋደደውን ትራይፖድ ከወለሉ አነሳች። የሙጫው ቱቦ ከማተሚያው ማሽን አጠገብ፣ በእጇ ርቀት ነበር። አየችው፤ አለፈችው። ከመሳቢያው ትንሿን መፍቻ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን እግር ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ሦስተኛው አስቸገራት፤ ጣቷንም ላጠው። ሲለቅ ብሎኖቹን በጉርድ ፎቶ ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው። ፖስታው ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦ «የተሰበረ። መቆለፊያው ሳይቀየር አይሸጥም።»

ከዚያ የተፈታውን እግር፣ ሁለት እግር ብቻ የቀረለትን ትራይፖድና ፖስታውን ጎን ለጎን ባንኮኒው መሃል ላይ፣ ማንም በሚያየው ቦታ አስቀመጠቻቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ፍላሹ ብልጭ አለ፤ አጎቷ ሴትዮዋን «ጨርሰናል፤ ይነሱ» ሲል ተሰማ።

ልጅቷ የተላጠ ጣቷን በሸሚዟ ጠርዝ ይዛ፣ ፊቷን ወደ መጋረጃው አድርጋ ቆማ ጠበቀችው።