የሐጂ ኢድሪስ ሁለት በር

እኔ ዝናብ ዘነበ ቢሉኝ እንኳ ወጥቼ እጄን ሳልዘረጋ የማልጽፍ ጋዜጠኛ ነኝ፣ የሐይቅ ጋኔን፣ የሙት ድምፅ የሚሉትን ወሬ ስሰማ «ማን አየ? የት ቆሞ አየ?» ብዬ ስለምጠይቅ ጨዋታ አበላሽ እባላለሁ፣ እውነታቸውን ነው። ይህን ስነግራችሁም ያንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄ መልስ ያጣሁበት ነገር መሆኑን እወቁልኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ያውቃታል፣ መንገዷ በገመድ የተለካ፣ ዘንባባዋ እንደ ወታደር የተሰለፈ ነው፣ የእኛ ሰፈር ግን ከፕላኑ በፊት ስለነበረ ቀጥ ያሉትን መንገዶች ከላዩ ዘረጉበት እንጂ የድሮውን ጨርሰው አላጠፉትም። ከዚያ የተረፈው የሐጂ ኢድሪስ ቤት ነው። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ቤታቸው ከፊት በአንዱ መንገድ፣ ከኋላ በሌላው መንገድ የሚከፈቱ ሁለት በሮች አሉት፣ በሮቹ ሳሎኑን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ድሮ ከዘጌ እንጨትና ቡና ይዘው የሚመጡ ባለታንኳዎች ሲመሽ ውሃ የጠጣውን የደንገል ታንኳቸውን ተሸክመው፣ ዛሬ ቤቱ በቆመበት ቦታ አልፈው፣ ላይኛው ሜዳ ላይ ያደርቁት ነበር። የሐጂ አባት ቤቱን ሲሠሩ «መንገዳችሁን አልዘጋም» ብለው ቃል ገቡላቸው። ሜዳው ቤት በቤት ከሆነ፣ ባለታንኳዎቹም ከቀሩ ስንት ዘመን ሆነ፣ ሐጂ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱንም በር ይከፍታሉ፣ ጠረጴዛው ወደ ጥግ ይገፋል፣ ቤተሰቡ እግሩን ይሰበስባል። እንግዳ ካለ እሱም ይሰበስባል።

የትርፍ ቤት አዋጅ መጣና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈረ በፊቱ መንገድ ሲሄድ አንድ ቁጥር፣ በኋላው ሲመለስ ሌላ ቁጥር ለጠፈባቸው። ሁለት ቁጥር ሁለት ቤት ሆነ፣ አንደኛው ትርፍ ሆነ፣ ትርፍ ደግሞ ይወረሳል።

«ጓድ፣ ሳሎኔ እኮ አንድ ነው» አሉ ሐጂ።

«የትኛው ነው ትርፉ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም፣ «ሬዲዮው ያለበት ነው አልጋው ያለበት? ልንገርህ፣ ሬዲዮውን አልሰጥም።»

«አያድክሙኝ እናቴ። የኋላው በር ከተዘጋ ቁጥሩን እነቅላለሁ፣ ካልተዘጋ ነገ ተከራይ አስገባለሁ።»

ሐጂ ጎረቤት ነኝና ክርክሩን ልሰማ ወደ ቆምሁት ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርህ ነህ፣ ምን ትላለህ ልጄ?»

«ይዝጉት» አልሁ። ቤታቸው ግማሹ ሊሄድ ነው፣ ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ዘጉት፣ ጠረጴዛውንም አስደገፉት፣ ሊቀመንበሩ ሊያረጋግጥ፣ እኔ ልመሰክር ተቀምጠን ሻይ ያዝን። ፀሐይ ጠለቀች። መጀመሪያ የሐይቅ ጭቃ ሸተተን፣ ቀጥሎ ከኋላው በር ውጭ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማን፣ የበጋ ሐሩር ነው፣ ጠብታ ከየት ይመጣል? ጓድ ታፈረ ጣራውን አየ። ከዚያ እርጥብ ደንገል ግድግዳ ሲታከክ የሚያሰማው ድምፅ መጣ፣ ከዚያም ሸክም የከበደው ሰው ሳል።

«ተሸክመው ቆሙ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

ወይዘሮ ዘምዘም እግራቸውን ሰበሰቡ። እመኑኝ፣ እኔም ሰበሰብሁ።

«ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ። ጠረጴዛው ወደ እኛ ትንሽ ተንፏቀቀ። ሌላ ሰው አሳለ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ።

«ስንት ናቸው?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ሰልፍ ነው ጓድ» አሉ ሐጂ፣ «ሰልፍ ትወድ የለም?»

ጓድ ታፈረ ዘልሎ ተነሣ፣ ጠረጴዛውን ራሱ ገፍቶ በሩን ከፈተ፣ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ማንም አልነበረም። ቀዝቃዛ ነፋስ በመሃላችን አለፈ፣ የፊት በሩ መጋረጃ ከፍ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ከበር እስከ በር እርጥብ መስመር ቀረ፣ በጣቴ ነክቼ አሸተትሁት፣ የጣና ጭቃ ነው።

«አንድ ቤት ነው» አለ ሊቀመንበሩ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ «መንገድ ያለበት አንድ ቤት።» ከዚያም በሁለቱም በር መውጣት ፈርቶ በመስኮት ወጣ።

በማግሥቱ የሰው ተንኮል ይሆናል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ፣ ውሃ ያፈሰሰ የለም። ከዚያ ከሐጂ የኋላ በር ወደ ሐይቁ ገመድ ዘረጋሁ፣ ባለታንኳዎቹ በየት እንደሚመጡ ለማየት። ገመዱ ቀጥ ብሎ እኔ ከቀበሌ በተከራየሁት ቤት መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ደረሰ። አልጋዬ ባለበት በኩል ግድግዳው ላይ፣ በሰው ትከሻ ልክ፣ ከገባሁ ጀምሮ በጣራው የማሳብበው እርጥበት አለ።

ለባለታንኳዎቹ ማለፊያ በር ለማውጣት ላስፈቅድ ጓድ ታፈረ ዘንድ ሄድሁ።

«በቀበሌ ቤት ላይ በር መብሳት ክልክል ነው» አለኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ «አልጋህን ግን አንሣው።»

አነሣሁት። በሩ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም፣ ሲመሽ፣ ሐጂ በራቸውን ከመክፈታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በግድግዳዬ በዚያ በኩል ሰው ያስላል። እኔም እግሬን እሰበስባለሁ።