ኢሚናን የበላው በረዶ

ዓርብ ዕለት ኢሚናን በራሱ የበረዶ ጋሪ ላይ አስተኝተው አመጡት። ጢሙ ላይ የባሕር ውሃ ረግቶ ነጭ ሆኗል። የኢኪናክ መንደር ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ዙሪያውን ቆመ፤ ያለቀሰ ግን አልነበረም። በሰሜን ግሪንላንድ ሰው ባሕር ላይ መሞቱ ብርቅ አይደለም። ብርቁ የሞተው ኢሚና መሆኑ ነው። የቱ በረዶ ሰው እንደሚሸከም፣ የቱ እንደሚከዳ አርባ ዓመት ሲለይ፣ ደህናውን መንገድ በቀይ ባንዲራ እያመለከተ ሲያወጣና ሲያገባ የኖረ ሰው ነው።

«እሱን ከበላ ማንን ሊተው ነው?» አለ አዳኙ ማሳውና።

ኢሚና ረቡዕ ዕለት «በረዶው እስከ ጥቁሩ ገደል ድረስ ይዟል፣ ቅዳሜ ውጡ» ብሎ ነበር። ወጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ለቀናት እህል ውሃ ያላሉትን ውሾቻቸውን ያበላሉ። ሐሙስ እሱ ራሱ ሰመጠ። ካልወጡ ደግሞ ውሾቹን ከመተኮስ በቀር ሌላ መላ የለም፤ ውሻ የሌለው አዳኝ እዚያ አገር እጅ የሌለው ሸማኔ ማለት ነው።

ቱኩመክ ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ የመንደሩ ብቸኛ ፖሊስ ናት።

«ዘንጉስ?» አለች። ኢሚና ጫፉ ብረት በሆነ ዘንግ ሳይፈትሽ በረዶ ላይ አንድ እርምጃ እንደማይራመድ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

«ጋሪው ላይ ታስሮ ነበር» አለ ማሳውና። «ውሾቹም እዚያው ተኝተው ነው ያገኘናቸው።»

ቱኩመክ ቀና አለች። ከዚያ ልጇን ኡሉሪያክን ጠርታ «ጋሪህን አዘጋጅ፣ ገደሉ ድረስ ትወስደኛለህ» አለችው። ከዚያ ወዲያ በኢሚና ባንዲራ ለመሄድ የደፈሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ዐሥራ አንዱ የኡሉሪያክ ውሾች፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጠፍር ታስሮ፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይጎትታሉ። ውሻ ደግሞ አርፎ አይሄድም፤ አንዱ ወደ ግራ ሲያልፍ፣ ሌላው ከሥሩ ሲሾልክ ጠፍሩ እየተጎነጎነ ይመጣል። ደርሰው እንደቆሙ ኡሉሪያክ ማንም ሳያዘው ጓንቱን አውልቆ ጉንጉኑን ይፈታ ጀመር። በሁለት ሰዓት መንገድ ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ያህል ሆኗል። አዳኝ ሲቆም መጀመሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ቱኩመክ ቦታውን ዞረች። በበረዶውና በገደሉ መካከል ያለው ስንጥቅ አፉን ከፍቷል፤ የኢሚና ሬሳ የወጣው ከዚያ ነው። ከወዲህ ውሾቹ የተኙባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሻ ሲተኛ ገላው በረዶውን ያሟሟዋል፣ ሲነሣ ጉድጓዱ ይጠጥራል። ከወዲያ በኩል ግን ሌላ የጉድጓድ ክምችት አየች፤ ግማሹን ነፋስ ስለሞላው መቁጠር አልተቻለም። ጥልቅ ነው። ሌላ ጋሪ እዚህ ቆሟል፣ ቆይቷልም፤ ሬሳውን ያወጡት ሰዎች ግን ውሾቻቸውን አላስተኙም ነበር።

«ሐሙስ ባሕር ላይ ጋሪ ያወጡት እነማን ናቸው?» አለች፣ ብታውቀውም።

«ከኢሚና ሌላ እኔና አጎቴ ቂላክ ነን።» ኡሉሪያክ ቀና ብሎ አያት። «እማ፣ እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«የምትጠይቅህ እናትህ አይደለችም፣ ፖሊሷ ናት።»

«ፖሊሷ ራት ታበላኛለች?»

«ከኢሚና ጋር ረቡዕ በምን ተጣላችሁ?»

የልጁ ፊት ጠቆረ። «ውሾችህ አጥንት ናቸው፣ ከኋላ ንዳ አለኝ፤ በሰው ፊት። እኔም አንድ ቀን በረዶው ይበላሃል አልኩት። አፌን ይቁረጠው። ሐሙስ ግን እዚያ ቅርቡ የዓሣ ማጥመጃ ቀዳዳ ጋ ነበርኩ፣ ከመንደሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አንድም ዓሣ ሳልይዝ ተመለስኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል?»

ልቧ ፈራ። መንደሩ ያንን እርግማን ሰምቷል፤ ነገ ጣቱን የሚቀስርበት ሰው ከኡሉሪያክ ሌላ አይኖርም።

ከዚያ እንደተመለሰች ቦዲልን አነጋገረች። ቦዲል በየዓመቱ ከዴንማርክ እየመጣች የባሕር ወፍ መቁጠር ከጀመረች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«ኢሚና ላይ ጮኸሽበታል ይላሉ።»

«ጮኼያለሁ! ሙቅ ውሃ ከሥር ገብቶ በረዶውን እየላጠው ነው። ወፎቼ ለጫጩት የሚያመጡት ስብ ያለው ደቃቅ የባሕር ፍጥረት ወደ ሰሜን ሸሽቷል፤ አምና ካየኋቸው ጫጩቶች ግማሹ በረሃብ አለቀ። ድቡም ከባሕር የሚወጣውን አቆስጣ የሚያድንበት በረዶ ሲያጣ ደሴቱ ላይ ወጥቶ እንቁላል ይለቅማል። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ‹አንቺ ወፍሽን ቁጠሪ› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ሐሙስ የት ነበርሽ?»

«ገደሉ ጀርባ፣ በእግሬ። ውሻ መንዳት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ውሾቹ እኔን ሲያዩ ይስቃሉ።»

ቂላክ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ከኢሚና ጋር አብሮ አደግ ሽማግሌ ነው፤ መንደሩ ሁሉ «አጎቴ» ይለዋል። አንድ ልጁ ፑዋሉና ኅዳር ላይ የኢሚናን ባንዲራ ተከትሎ ሲሄድ በረዶው ተደርምሶበት ሰምጧል፤ ሬሳው እስካሁን አልተገኘም።

«ሐሙስ ከየት መጡ፣ አጎቴ?»

«ከሰሜን ደሴቶች። ድብ ፍለጋ ነበር፣ ድብም የለ።»

«በገደሉ በኩል አለፉ?»

«አለፍኩ። ማንንም አላየሁም። አምስት ሰዓት ሙሉ አንዴም ሳልቆም ነው የነዳሁት። ለምን እቆማለሁ፣ ልጄ? ምን ላበላቸው?»

ቱኩመክ ብርጭቆውን የያዙትን ጣቶቹን አየች። ጫፋቸው ተልጦ ቀልቷል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያ ወር ግን ፀሐይ ስለማትጠልቅ ንጋት የሚባል ነገር የለም፤ ቱኩመክም እውነቱ እንዲጠራላት አልፈለገችም። ደርሳበታለች። በረዶው ገደለው ብላ ብትጽፍ ማንም ባሕር ላይ አይወጣም። እውነቱን ብትናገር ልጇ ከሐሜት ይድናል፣ ግን ውሾቹን ጠምዶ ይወጣል። ኢሚና አልተሳሳተም ማለት ነውና። ዝም እንዳትል፣ ሐሜቱ አድሮ እሱኑ ይበላዋል። መፈጠሯን ጠላች።

ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ውጭ ውሾቹ ያላዝናሉ።

«ኢሚና በረዶ ተሳስቶ አልሞተም» ብላ ጀመረች። «ገደሉ ጋ ደርሶ፣ ቆሞ፣ ውሾቹን አሳርፎ ነበር። ዘንጉ እንደታሰረ ነው። በረዶ ሊፈትሽ ቢሄድ ፈትቶ ይይዘው ነበር። እንግዲያው ከጋሪው የራቀው ጥቂት እርምጃ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር እያወራ ነው።»

«ከማን ጋር?» አለ ማሳውና፣ ኡሉሪያክን በጎን እያየ።

«ሌላ ጋሪ እዚያ ቆሟል፣ ውሾቹ የተኙበት አለ። ስለዚህ ቦዲል አይደለችም። ወይ ልጄ ነው ወይ አጎቴ ቂላክ።»

«እናት ለልጇ ብትመሰክር ምን ይገርማል?» አለ ማሳውና።

«እኔ አልመሰክርም። ሚስትህ ትመሰክራለች። ኒቪ፣ ሐሙስ ኡሉሪያክ ሲገባ ውሾቹን ያዝሽለት አይደል? ጉንጉኑ ምን ያህል ነበር?»

«አንድ ስንዝር ቢሆን ነው» አለች ኒቪ።

«የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ቅርቡ ቀዳዳ ማለት ነው። ከገደሉ ቢመጣ ሁለት ይሆን ነበር። የአጎቴን ውሾች የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አምስት ሰዓት ሳልቆም ነዳሁ ብለውኛል። አምስት ሰዓት ሳይቆም የመጣ ጋሪ ጉንጉኑ ስንት ይሆናል?»

አዳኞቹ ተያዩ። «ከሁለት ክንድ ይበልጣል» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«ሁለት ስንዝር ነበር። ቆመው ፈትተውታል፤ ከዚህ ሁለት ሰዓት ርቆ። እዚያ ርቀት ላይ ያለው ጥቁሩ ገደል ብቻ ነው። የበረደ ጠፍር በጓንት አይፈታም፣ ጣትዎን ያየ ይመስክር።» አጠገቡ ሄዳ ቆመች። «ለምን ፈቱት፣ አጎቴ? ባይፈቱት እኮ አላውቅም ነበር።»

ቂላክ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«ልጄን ያጠፋው የእሱ ባንዲራ ነው። ‹በቃ፣ በረዶው ተለውጧል፣ አላውቅም በላቸው› ብዬ ለመንኩት። አላውቅም ማለት አቃተው። አርባ ዓመት ያወቀ ሰው እንዴት ብሎ? ‹ይዟል› አለኝ። ገፋሁት። እሱን ከበላ ከእንግዲህ ማንም አይወጣም ብዬ ነው። የእናንተን ልጆች ብዬ ነው።»

«ሲሰምጥ አልተጣራም?»

«ተጣራ። በስሜ ተጣራ። ቁጭ ብዬ ጠፍር ፈታሁ።» ሽማግሌው አለቀሰ። «እጄን ሥራ ባላስይዘው ኖሮ ገመድ ይወረውርለት ነበር።»

ከዚያ ማሳውና ተነሣ።

«ታዲያ ኢሚና አልተሳሳተም» አለ። «በረዶው ይዟል ማለት ነው።»

«ሐሙስ ነው የያዘው!» ብላ ቦዲል ጮኸች። «ሁለት ቀን ነፋስ ነፍሷል!»

የሰማት የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አዳኞቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ወጡ። ቂላክ የወጡበትን በር እያየ «አየሽ፣ ልጄ?» አላት። ቱኩመክ በሩን ቆልፋበት ወደ ቤቷ ሮጠች።

ኡሉሪያክ ውሾቹን አስሮ ጨርሷል። ጋሪው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ውረጂ፣ እማ።»

«ንዳ። አብረን እንሂድ።»

«አልተሳሳተም ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«ኢሚና ዛሬን አላየውም፣ ልጄ። ዛሬን ያየ ሰው የለም።»

አለንጋውን እንደያዘ ቆመ። የማሳውና ጋሪ ባሕሩ ላይ ወርዶ ከመጀመሪያው ባንዲራ አልፏል፣ ሁለት ሌሎች ተከትለውታል። ውሾቹ እነሱን እያዩ ይንፈራገጣሉ።

«አምስት ቀን አልበሉም» አለ ኡሉሪያክ።

«አውቃለሁ።»

«ከቡችላነታቸው ነው ያሳደግኳቸው።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ።»

ከዚያ አለንጋውን ጥሎ ወደ ቤት ገባ፣ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። እሷ አንድ አንድ እየፈታች ወደ ቤቱ ጀርባ ትወስድለት ጀመር። እሱ እየተኮሰ ጮክ ብሎ ያለቅስ ነበር።

ሰባተኛው ላይ ጥይት አለቀ። ቱኩመክ ልትዋስ ወደ ማሳውና ቤት ሄደች። ኒቪ መስኮቱ ጋ ቆማ ባሏ የወጣበትን ባሕር ታያለች። ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ መደርደሪያው ዘርግታ የጥይቱን ሳጥን አቀበለቻት።