በመዳፍ የተለካ ሞት

ዳና ከባንኮኒው ኋላ ወድቆ ሲንፈራገጥ ጠጪዎቹ ሳቁ። መጥፎ መጠጥ በቀመሰ ቁጥር ፊቱን አጨማዶ ማሳቅ ልማዱ ነበርና፣ የሞት ጣሩን እንደ ቀልድ ቆጠሩት። አረፋ ከአፉ ሲወጣ ግን ሳቁ ቆመ።

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን በሆነ ማግሥት ነው። ዳና በሶዶ ከተማ፣ በአንድ ቡና ቤት ሲቀዳ የሸበተ ባርማን ነበር። ከጠጅ አሳላፊ አባቱ የወረሰው ሥርዓት ነበረው፤ አዲስ ጠርሙስ በከፈተ ጊዜ ለማንም ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። ያን ምሽት የከፈተው የቤቱን ባለቤት የኤርካሎን ኡዞ፣ ያን ሽታው የበረታ አረቄ ነበር። ጠርሙሱን ከዕቃ ቤት ያመጣችው አስተናጋጇ ሩት ስለ ሆነች፣ ፖሊስ ጡት ከሚጠባ ሕፃኗ ነጥሎ አሰራት።

ኢንስፔክተር አሳየሽ አስቀድማ ኤርካሎን ጠየቀችው።

«መርዙ ለእኔ ነበር» አለ። «ያችን ኡዞ ከእኔ በቀር ማንም አይጠጣም። ልጅ አዝለሽ ሥራ አትግቢ ብላት ቂም ያዘች።»

«ለሟቹ ግን ያዘኑ አይመስሉም።»

«ባርማን በባርማን ይተካል፣ የኔ እመቤት። ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር ይለቀሳል?»

ሁለተኛው ባርማን ዮሴፍ ዓይኑን ከሚወለውለው ብርጭቆ አላነሣም።

«ጋሽ ዳናን ማን ይጠላቸው ነበር?»

«ቦታቸውን እኔ እመኝ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ግን ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ከአሠሪያችሁ ጋርስ?»

ዮሴፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በገበያ ቀን አንድ አዲስ ጠርሙስ ቀምሰው ‹ይህ ዓይን ያጠፋል› አሉና፣ ሳጥኑን በሙሉ ሰው እያየ ቦይ ውስጥ ደፉት። ጋሼ ኤርካሎ ሳቁ። ሲስቁ ነው የሚያስፈሩት።»

ሩት በእስር ቤት የቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ ተቀምጣ ነበር።

«ጠርሙሱ ታሽጎ ነበር?»

«ታሽጎ ነበር፣ እትዬ። ጋሼ ኤርካሎ በጣታቸው አሳይተው ‹ያችን፣ የጥግ ያለችውን አምጪ› አሉኝ። ልጄን እናቴ ቦዲቲ ወስዳዋለች። ምን ይጠባል?»

 የመርዙ ምርመራ ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሩት ታስራ ቆየች፤ ወተቷም ነጠፈ።

ውጤቱ በደረሰ ጊዜ አሳየሽ ኤርካሎን፣ ዮሴፍንና ሩትን በባንኮኒው ፊት ሰበሰበች።

«መርዙ የከብት መዥገር መድኃኒት ነው፤ ሽታውን ኡዞው ሸፍኖታል። ሐኪሙ እንደሚለው ከዚህ ጠርሙስ አንዲት መለኪያ ብዙ ሰው ትፈጃለች። አቶ ኤርካሎ፣ እርስዎ መለኪያ በመለኪያ ላይ የሚደርቡ ሰው ነዎት። እርስዎን ለመግደል ጥቂቱ ይበቃ ነበር። ይህ መጠን ለጠጪ አልተለካም፤ በመዳፉ ለሚቀምስ ሰው ነው የተለካው።»

«ያመጣችውስ ማን ናት?»

«ሩት ናት። ነገር ግን ዳና የሚቀምሰው አዲስ የተከፈተውን ብቻ ነው። ስለዚህ መርዙ ከተጨመረ በኋላ ጠርሙሱ እንደገና መታሸግ ነበረበት። የክዳን መግጠሚያውን መሣሪያ በዕቃ ቤትዎ፣ ከከሰል ጆንያ ጀርባ አግኝተነዋል። የጥርሱ ጭረት በዚህ ክዳን ላይ አለ። ዓይን የሚያጠፋውንም መጠጥ የሚያሽጉት በእርሱ ነበር፤ ዳና ያን ንግድዎን ነው በሰው ፊት ያጋለጠብዎት።»

«ዮሴፍም ዕቃ ቤት ይገባል!»

«ይገባል። ከዚያ ሁሉ ጠርሙስ መካከል ያችን ለይቶ ያዘዘ ግን ማን ነው?»

«እሳቸው ናቸው» አለ ዮሴፍ። «እኔም ሰምቻለሁ።»

ኤርካሎ ሳቀ። «ይህ ሁሉ ለአንድ ባርማን?»

«ለአንድ ባርማን» አለችና በካቴና አሰረችው።

ሩት ከዚያው ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ቦዲቲ ደርሳ ልጇን ከእናቷ እቅፍ ነጠቀችና ጡቷን አጎረሰችው። ሕፃኑ ጥቂት ሳበ፤ ምንም አላገኘም። ፊቱን አዙሮ እያለቀሰ ሁለት እጆቹን ወደ አያቱ ዘረጋ።

«ለምዶኝ ነው፣ ልጄ» አለች እናቷ፤ ጡጦውንም አነሣች።