አራተኛው መስመር

ይህ በእኔ በታከለ ላይ የደረሰ እውነተኛ ነገር ነው። ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ እኩለ ሌሊት ላይ አደርገው ነበር፤ ሰው የሚፈራው ጨለማን አይደል?

የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ልክ ቀትር ላይ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ውሻ እንኳ ጥላ ሥር በሚጋደምበት ሰዓት...

እናቴ ስታሳድገን "በቀትር አትጯጯኹ፣ በቀትር ጆሮው ብዙ ነው" ትለን ነበር። እኔ እስቅባት ነበር።

አሁን አልስቅም።

ሥራዬ ስልክና ቴፕ መጠገን ነው። የድሮ ካሴትም ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። የሟች አባታቸውን ድምፅ በላስቲክ ጠቅልለው ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ድረስ የሚመጡ አሉ።

አንድ ቀን ዋፋ መጣች። የሐጂ ከማሉ ልጅ ናት። ሐጂ ከማሉ ነፍሳቸውን ይማረውና ከሱቃቸው ጓሮ ዘፈን የሚቀዱበት ክፍል ነበራቸው።

"አንተ ታከለ፣ የአባቴ መቅጃ ማሽን ከነክሩ ተገኘ። ወላሂ ልጥለው ነበር። የእናትህን ስም ባላይበት..."

እናቴ ያለምወርቅ በወጣትነቷ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ትዘፍን ነበር። አራቱም አብረው የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው በወድ ኤል ሒለው በኩል ሱዳን የገቡ ስደተኞች ናቸው። ወርቅውሃ ዘፈኑን አውጪ፣ ፀደይ፣ አንጓችና እናቴ ደግሞ ተቀባይ።

ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። እናቴ ብቻ ቀርታለች።

ስለ ክሩ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ድምፃቸውን አንዴ ብሰማ፣ ከእንግዲህ ፈጣሪን ሌላ አላስቸግርም" አለችኝ።

ማሽኑ ተራ ቴፕ አይደለም። ክሩ ላይ አራት መስመር አለ፤ እያንዳንዷ ሴት በራሷ ማይክ፣ በራሷ መስመር ተቀድታለች። ለእያንዳንዱ መስመር ደግሞ ማሽኑ ፊት ላይ አንድ መርፌ አለ። ድምፅ ሲመጣ መርፌው ይነሳል፣ ዝም ሲል ይተኛል።

ክሩ ግን አርጅቷል። ገና ስነካው ቡናማ ዱቄት እጄ ላይ ረገፈ። ያ ዱቄት ድምፁ ነው። አንዴ ቢዞር ነው፤ መሃል ላይ ካቆምኩት ተጣብቆ ይበጠሳል።

ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ መብራት የሚባል ነገር የለም። የጣራዬ ሶላር ያን ማሽን የሚችለው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ስለዚህ በቀትር ሆነ።

ሲዞር አራቱም መስመር እንዲገለበጥ ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ በሩን ዘጋሁ። እናቴ ከጎኔ ተቀመጠች። ለቀቅኩት...

*ከማዶ ማን ቀረ?*

ወርቅውሃ ናት፣ የወንዝ መሻገሪያ ዘፈናቸውን ስታወጣ። ድምፅዋ እዚያው ክፍሉ ውስጥ የቆመች ያህል ነው።

*መጣሁ፣ ጠብቂኝ!* አሉ ተቀባዮቹ።

እናቴ አለቀሰች፣ ሳቀችም። "ፀደይ ናት! ይቺ ደግሞ አንጓች! ውይ ጓደኞቼን... እኔስ? እኔ የታለሁ?"

አራተኛው መርፌ ተኝቷል።

ገመዱን ነካካሁ። ደህና ነው። ባዶ ክር እንኳ ሽ... ይላል። ይሄኛው ጭጭ ነው።

"ያን ቀን አሞሽ ነበር እንዴ?"

"ምን ያመኛል! መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነው የተቀበልኩ!"

*ከማዶ ማን ቀረ?*

አሁን ፀደይና አንጓችም አልተቀበሉም። ጭብጨባው ቆመ። የሚሰማው የሦስት ሴቶች ትንፋሽ ብቻ ነው...

ከዚያ አንዷ በሹክሹክታ፣

*አልመጣችም?*

*ትመጣለች። ሰምታናለች።*

ወደ እናቴ ዞርኩ። "እማ... ያኔ እንዲህ ተባብላችኋል?"

"አላልንም" አለች። ዓይኗ ከማሽኑ አልተነቀለም።

"ላጥፋው።"

"እንዳትነካው! አንዴ ነው የሚዞር ብለህ የለ?"

*ከማዶ ማን ቀረ?*

እኛ ዘንድ አውጪን ያለ ተቀባይ መተው ነውር ነው። ሰርግ ላይ የተኳረፉ ሴቶች እንኳ አውጪዋ ስታወጣ ኩርፊያቸውን ትተው ይቀበላሉ። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። መዳፎቿ ሳታውቀው መምታት ጀመሩ።

"እማ፣ ተይ... እባክሽ ተይ..."

"መጣሁ፣ ጠብቂኝ" አለች። ቀስ ብላ። በልጃገረድ ድምፅ።

አራተኛው መርፌ ተነሳ።

ክፍሉ ውስጥ ማይክ የሚባል ነገር አልነበረም። ማሽኑም ያጫውት ነበር እንጂ አይቀዳም።

ክሩ ላይ እልልታ ቀለጠ። ሦስት ሴቶች፣ የናፈቁት ዘመድ ደጃፍ ላይ የደረሰላቸው ያህል። ከዚያ ክሩ አለቀ።

"እማ?"

አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም...

ሐኪሙ አየና "ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው" አለኝ። ጸበልም አስጠመቅኳት። እናቴ፣ ሰፈሩን በሳቋ የምታውከው ሴት፣ ዕቃ ፈልጋ በጣቷ ስትጠቁም ማየት አንጀቴን በላው። ድምፅዋን ያስበላሁት እኔ ነኝ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሌላው ቢቀር እሷ የዘፈነችበትን አራተኛውን መስመር ልስማ ብዬ። እናቴ አጠገቤ ነበረች።

ዘፈን የለም።

*ታኬ፣ ምሳ በልተሃል?*

የእናቴ ድምፅ ነው! ዞር ብዬ አየኋት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። ግን ድምፁ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ከንፈሯ ከኋላ ይከተላል...

ፈራሁ ብል ግማሹን ነው የነገርኳችሁ። ደስ ብሎኛልም። እናቴን አገኘኋታ! ከዚያ ወዲህ በየቀትሩ እንከፍተዋለን። እሷም ታወራኛለች። ትመክረኛለች፣ ሚስት አላገባህም ብላ ትቆጣኛለች። ያው እናቴ ናት።

ድምፅዋ ግን በየቀኑ እየራቀ መጣ። ከኋላው ደግሞ ውሃ ሲፈስ መስማት ጀመርኩ።

ትናንት ከፈትኩት።

ሴቶች ይሳሳቃሉ። አራት ናቸው። ከዚያ ሳቁ ቆመና የእናቴ ድምፅ ብቻውን ወጣ። አሁን አውጪዋ እሷ ናት።

*ከማዶ ማን ቀረ?*

አጠገቤ ያለችውን እናቴን አየኋት። ከንፈሯ ግጥም እንዳለ ነው። በዚህ ጊዜ ድምፁን አልተከተለውም።

*ታኬ... ከማዶ ማን ቀረ?*

እናት ስትጠራ ዝም ይባላል? እኔስ ከልጅነቴ እሷ ስትጠራኝ ሳልመልስ ቀርቼ አውቃለሁ? መልሱ ምላሴ ላይ ደርሷል። አፌ ተከፈተ...

እናቴ ተወርውራ አፌን በመዳፏ አፈነችው። እንባዋ ይወርዳል፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አልለቀኝም አለች።

ገዳሪፍ ዝናብ ካየች ወራት አልፏል። መዳፏ ግን ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ከንፈሬ ላይ የቀረው የወንዝ አሸዋ ነው።