የካርቶኑ መስኮት

ብሪዲ ካርቶኑን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። ያስቀመጠችው ግን የተሳሳተው ሳጥን ላይ ነው፤ ተሳስታም አይደለም።

«አገኘሽው?» አሉ አያቷ ክሌም፣ እስክሪብቶውን እንደያዙ።

«አንዴ ይቆዩኝ፣ አባባ።»

ካርቶኑ መሐሉ ላይ ጠባብ መስኮት ተቆርጦለታል። የክሌም ዓይን ከደከመ ወዲህ ፊርማቸው ከወረቀቱ እያለፈ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ አይቶ ግራንት የሠራላቸው ነው። ግራንት ሥዕል በፍሬም እየገጠመ የሚኖር ሰው ስለሆነ ልክ አይስትም። አንድ ሰው ካርቶኑን ያስቀምጥላቸዋል፣ እሳቸው የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ይዳስሱና እዚያው ውስጥ ይጽፋሉ። ከሥር ያለውን አያዩም። ያስቀመጠላቸውን ሰው ማመን ነው እንግዲህ፣ ምን ያድርጉ።

ዛሬ ከሥር ያለው ወረቀት መንግሥት ለአውስትራሊያ መራጭ ሁሉ በፖስታ የላከው ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት መጋባት እንዲችሉ ሕጉ ይቀየር ወይ? ከታች ሁለት ሳጥን አለ፤ በግራ «አዎ»፣ በቀኝ «አይ»። ክሌም «አይ» ብለዋል። ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ተብለው ነው በቤተ ክርስቲያን ያደጉት፤ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ይህን የሚያስለውጣቸው የለም። የብሪዲ አጎት ሮይስ፣ ማለትም የገዛ ልጃቸው፣ ከግራንት ጋር መኖር ከጀመረ ደግሞ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሕጉ ካለፈ ሊጋቡ ቀለበት ሁሉ መርጠዋል። ይህንንም ክሌም አሳምረው ያውቃሉ።

ብሪዲ ገና አስራ አምስቷ ስለሆነ ወረቀት አልደረሳትም። ትምህርት ቤት ግማሹ አዎ፣ ግማሹ አይ እያለ ተኳርፏል፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ ከዚህም ከዚያም ስትጨቃጨቅ ነው የከረመችው፣ በማይቆጠር ድምጿ። አሁን ግን የሚቆጠር ድምፅ እጇ ላይ ነው። መስኮቱ «አዎ» ላይ ነው። ምልክቱን አያቷ ራሳቸው ያደርጉታል፣ ፖስታው ይታሸጋል። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።

ክሌም ጠርዙን ዳሰሱ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ሚስዝ ፕራውስ እኔ ልሙላልህ ብላኝ ነበር» አሉ ድንገት። ሚስዝ ፕራውስ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው የምትቀመጥ ጎረቤታቸው ናት። «እሷም እንደኔው አይ ባይ ናት። አይ፣ ብሪዲ ትመጣለች አልኳት።»

ምነው ይህን ባይነግሩኝ፣ አለች ብሪዲ በሆዷ።

«አይጻፉ፣ አባባ። መስኮቱ አዎ ላይ ነው።»

የክሌም እጅ ባለበት ቀረ። ሬዲዮኑ የቅዳሜውን የኳስ ጨዋታ ብቻውን ያወራል።

«ተንሸራቶ ነው?»

ማምለጫውን ራሳቸው ሰጧት። አዎ ብትል አለቀ።

«አልተንሸራተተም። እኔ ነኝ።»

የሽማግሌው አንገት ቀላ። ብሪዲ ከዚህ ቤት ውጪ ሊሉኝ ነው ብላ ጠበቀች።

«ለሮይስ ብለሽ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ለሱም ለራሴም። የእርስዎ ሐሳብ ልክ አይመስለኝም። ነገም አይመስለኝም።»

«መሰለሽም አልመሰለሽም ወረቀቱ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የነገርኩዎት።»

ካርቶኑን ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰችና ጣታቸውን ይዛ ጠርዙ ላይ አኖረችላቸው። «አሁን አይ ላይ ነው» አለች። ስልኩ እጃቸው አጠገብ ነበር፤ ሚስዝ ፕራውስን ጠርተው ማጣራት ይችሉ ነበር። አልደወሉም። እስክሪብቶውን ጫን አድርገው ምልክታቸውን አደረጉ።

ብሪዲ ወረቀቱን ስታጥፍ እንባዋ መጣ። በአጎቷ ፊት ላይ በር የዘጋች ያህል ነው የተሰማት። እንደምንም ፖስታውን አሸገችና ተነሳች።

በሩ ላይ ስትደርስ ጠሯት።

«ሰርጉ ... ማለቴ ሕጉ ካለፈ፣ የት ነው የሚሆነው?»

«የግራንት የሥራ ቦታ ግቢ ውስጥ።»

«እዚያ ደረጃ አለው አይደል?»

«ሦስት።»

ክሌም ካርቶኑን በጣታቸው ሲያሻሹ ቆዩ።

«ታዲያ ማን ይመራኛል?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ሦስት ከሆነ ሦስት ነው በይኝ።»

ቀዩ የፖስታ ሣጥን መንገዱ ጥግ ላይ ነው። ብሪዲ ፖስታውን ከተተችና መውደቁን እስክትሰማ ቆመች። ከዚያ ለአያቷ ሻይ ልታፈላ ተመለሰች።