ሌላ ሰው ያላያት ወፍ

«ቁሚ! እግርሽን እንዳታሳርፊው!»

ሮዌና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቀኝ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከጫማዋ ሥር፣ ጠጠር መስላ የተኛች አንዲት ዝንጉርጉር እንቁላል ነበረች።

የጮኸባት ረጅም ሰው በአሸዋው ላይ እየሮጠ መጣ።

«ገመዱ አይታይሽም እንዴ?»

«አሸዋ የዋጠውን ገመድ በምን ዓይኔ ልየው?»

ሰውየው ዞር ብሎ አየ። እውነቷን ነው፤ ነፋሱ የወፎቹን ጎጆ አጥር ገመድ ከነችካሉ ቀብሮታል። ፊቱ ቀላ። እሷ ግን አሁንም ባንድ እግሯ እየተንገዳገደች ነበርና ሳቁ አመለጠው።

«ይቅርታ... ልክ እንደ ሽመላ ቆምሽ እኮ!»

የሮዌና ዓይን እንባ አቀረረ።

«ነገሩህ ማለት ነው። አንተም ሳቅ እንግዲህ!» ብላው በመጣችበት ዱካ እየረገጠች ተመለሰች።

ሰውየው፣ ፈርገስ፣ ማንም ምንም አልነገረውም ነበር። ከሰሜን ስኮትላንድ መጥቶ፣ አሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉትን ተርን የሚባሉ ነጫጭ የባሕር ወፎች እንዲጠብቅ ለአንድ በጋ የተቀጠረ እንግዳ ነው።

የመንደሩ ሰዎች ወደ ባሕሩ የሾለውን ያን አሸዋማ ምድር «አፍንጫው» ይሉታል። ወፍ ማየት የለመዱት ደግሞ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይዞራሉ። የሚስታቸው ፀጉር መቆረጡን የማያዩ ሰዎች፣ የወፍ ክንፍ ላይ ያለች ነጥብ አታመልጣቸውም። ደንባቸው አጭር ናት፦ ያየኸውን ወዲያው ለሁሉም ትናገራለህ፤ ሌላው ይመጣና «እኔም አይቼዋለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ወፏ ታየች ይባላል። «እኔም» የሚል ካልተገኘ ግን ወዮልህ!

ሮዌና ያለፈው ዓመት ከአፍንጫው በላይ ጥቁር ሽመላ ስታልፍ አየች። ሮጣ ተናገረች። «እኔም» የሚል ጠፋ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ክላረንስ በመጠጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ «ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል!» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሟ ተረሳና «ሽመላዋ» ሆና ቀረች።

ፈርገስ ይህን ሲሰማ፣ ሮዌና ወደምትሠራበት የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት ሄዶ ተሰለፈ።

«ምን ልስጥህ?» አለችው ቀና ሳትል።

«አንድ ዓሣ፣ ድንች... እና አንድ ይቅርታ።»

«ዓሣው ደርሷል። ይቅርታው ገና እየተጠበሰ ነው።»

«እጠብቃለሁ። ሥራዬ መጠበቅ አይደል?»

ሳትወድ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ይገናኙ ጀመር። አፍንጫው ላይ እንደምን አደርክ የሚል የለም፤ ሰላምታው «ምን ታየ?» ነው። ፈርገስ «ምን ታየ?» ይላታል፤ የወፉን ስትነግረው ሻይ ይቀዳላታል። «ፀጉሬ ዘይት ዘይት ይሸታል» ብላ ራቅ ስትል፣ «እኔስ ዓሣ ዓሣ አልሸትም?» ብሎ ይጠጋታል። እጅ ለእጅ እንኳ አልተያያዙም። ሮዌና ግን ማታ ጋደም ስትል ጣሪያው ላይ የምታየው የሱን ፊት ነበር።

በጋው ማለቅ ጀመረ። ዋኖስ የሚባሉት ትናንሽ ወፎች ለጉዞ ተሰብስበው የመብራት ሽቦው ላይ ተሰለፉ፤ ብር ብለው ይነሣሉ፣ ደግሞ ያርፋሉ። ሮዌናም እንደነሱ ቁጭ ብድግ አበዛች። ድንች ትልጥና ቢላዋውን ታስቀምጣለች፤ በር ድረስ ወጥታ ባሕሩን አይታ ትመለሳለች። ተርኖቹ ሁሉ ሄደዋል። የቀሩት የመጀመሪያ እንቁላላቸውን ማዕበል የወሰደባቸውና ዘግይተው ዳግመኛ የጣሉ አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው። ጫጩታቸው ገና መብረር አትችልም። እሷ ስትበር የፈርገስ ሥራም ያበቃል።

«እባክሽ ቶሎ አትብረሪ» አለች አንድ ቀን ለራሷ። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች።

ሞቃት የደቡብ ነፋስ የነፈሰበት ጠዋት ነው። ሮዌና አፍንጫው ላይ ስትደርስ የአጥሩ ችካል ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ጀርባዋ ቀይ ዳማ፣ ደረቷ ሰማያዊ! ንብ በል ናት፤ የሞቃት አገር ወፍ። ሮዌና ኪሷን ዳበሰች። ስልኳን ጥብስ ቤቱ ረስታዋለች። ፈርገስ ያለበት የእንጨት ቤት ለመድረስ በወፏ ፊት ማለፍ አለባት፤ ያ ደግሞ ያበራታል። ዞራ ወደ መንደር ሮጠች።

ክላረንስንና ጓደኞቹን ይዛ ስትመለስ ችካሉ ባዶ ነበር።

«የት አለች?» አለ ክላረንስ እያለከለከ። አንዱ ጓደኛው በገመዱ ላይ እግሩን ሊያሻግር ሲል ፈርገስ ከእንጨት ቤቱ ወጥቶ ደረቱን ይዞ መለሰው።

«ፈርገስ!» አለች ሮዌና። «ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ነበርክ። ንብ በሏን አይተሃታል፣ አይደል?»

ፈርገስ ሮዌናን ቀና ብሎ አላያትም። ከችካሉ ሥር ያለውን አሸዋ እያየ፣ ቀስ ብሎ...

«አላየሁም» አለ።

ክላረንስ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አይዞሽ ሽመላዋ። ሙቀቱ ነው።»

ሲሳሳቁ ሄዱ።

«ይሁን፣ አላየህም» አለችው ብቻቸውን ሲቀሩ። «ግን ታምነኛለህ?»

«ሮዌና... ትንሽ ቀን ታገሽኝ።»

«ታምነኛለህ ወይ ነው ያልኩህ!»

ፈርገስ ጎንበስ ብሎ የላላውን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። ጥላው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አፍንጫው ላይ ሲተላለፉ «ምን ታየ?» መባባል ቀረ። እዚያ አገር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ጥብስ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ክላረንስ «ዛሬስ ዘይቱ ውስጥ ዓሣ ነባሪ አላየሽም?» እያለ ያሾፋል። እንቅልፍ አጣች። ከተማ ያለች አክስቷ ዘንድ ለመሄድ ሻንጣዋን አወጣች፤ መልሳ አስገባች፤ ደግሞ አወጣች።

አንድ ምሽት የታዘዘ ጥብስ ይዛ መጠጥ ቤት እንደገባች ፈርገስ ከኋላዋ ገባ። ቆቡን አወለቀ።

«ንብ በሏን አይቻታለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

የተቀመጡት ሁሉ ወደሱ ዞሩ።

«መቼ?» አለ ክላረንስ።

«ሮዌና ባየቻት ቀን። በመስኮቴ በኩል። ችካሉ ላይ ሆና ንብ ስትይዝ አይቻታለሁ።»

«አላየሁም አላልከንም?»

«ዋሸኋችሁ። የተርኗ ጫጩት ችካሉ ሥር ተደብቃ ነበር። አየሁ ብል አገሩ ሁሉ በመኪና ይጎርፍና ትረገጣለች። ዛሬ በረረች፤ ይኸው አሁን ነገርኳችሁ። ሮዌና አልዋሸችም። ውሸታሙ እኔ ነኝ።»

ክላረንስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወፍ መደበቅ በነሱ ዘንድ ይቅር የማይሉት ነውር ነው።

«ከእንግዲህ ያየኸውን ለኛ አትንገረን» አለው። «እኛም አንነግርህም።»

ፈርገስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ክላረንስ ወደ እሷ ዞሮ እሱም ቆቡን አወለቀ።

«ሮዌና... ሽመላዋንም አይተሻት ነበር ማለት ነው?»

በስሟ ሲጠራት ያን ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

«አይቻታለሁ» አለችና ፈርገስን ተከትላ ሮጠች። ግን ልታመሰግነው አልነበረም።

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?» ጮኸችበት።

«ብነግርሽ አንቺም ልትዋሺ ነው። ስምሽ...»

«ስሜ ይቅር! ዝም እልልህ ነበር! ሁሉም ቢስቅብኝ እንኳ፣ አንተ እንደምታምነኝ ካወቅሁ እችለው ነበር። የጎዳኝ የነሱ ሳቅ መሰለህ?»

ፈርገስ ቆቡን በእጁ ጨመደደ።

«ወፏን ማየትሽን አመንኩ» አለ በመጨረሻ። «ምሥጢር መቻልሽን ግን አላመንኩም። አጥፍቻለሁ... በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«ሂድ!» አለችውና ፊቷን አዞረች።

እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። እግሯ ወደ አፍንጫው ወሰዳት። ፈርገስ ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ የአጥሩን ገመድ ይጠቀልላል። ክላረንስ ከአንድ ጓደኛው ጋር በአጠገቡ አለፈ። ፈርገስ ቀና ብሎ ጠበቃቸው። «ምን ታየ?» ሳይሉት ሄዱ። ያ ሕመም ምን እንደሆነ ከሮዌና በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ምን ታየ?»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«አንድ ነገር አይቻለሁ» አለ። «ግን ብቻዬን ነው ያየሁት። ተሳስቼም ይሆናል...»

«ተናገራ!»

«እኔ ስወድሽ፣ አንቺም ስትወጂኝ...»

ሮዌና አለቀሰች፤ ሳቀችም። ሁለቱን እጆቹን ያዘቻቸው።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለችው።

አውቶቡሱ ከመንደር ጫፍ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ድንች መላጥ ትችላለህ?» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ጥብስ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።»

«እማራለሁ።»

«በል ሻንጣህን አንሣና ክላረንስን ጥራው። እዚህ አገር ያዩትን መደበቅ ነውር ነው።»